ከጎርጎራ ባሕር ዳር፣ ከአባቴ ጋር

ባለፈው ሳምንት ማለዳ፣ ሰማዩ ገና በቅጡ ሳይነጋ፣ ከፊት ለፊታችን ካለው ብሎክ ጩኸት ተሰማ። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም ጩኸት ሲሰማ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሌባ ስለሆነ፣ እኔም ባትሪዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ሌባ አልነበረም። ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ አባቷ አገር ቤት አርፈውባት ኖሮ፣ የእድራችን ሽማግሌዎች ሊያረዷት ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃውን እየወጡ ሳሉ ነው ጩኸቱ የቀደማቸው። ልጅቷ ከፈረቃ በሰርቪስ ስትመለስ ስልኳ ላይ አይታዋለች። አንድ ዘመዷ የአባቷን ፎቶግራፍ ከሻማ ሥዕል ጋር ለጥፎት ነበር። ሽማግሌዎቹ ደረጃው መሃል ቆመው ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ጎረቤቴ ነው፤ ሲመለስ፣ “ስልኩ አረዳት፤ እኛ ለለቅሶው ብቻ ደረስን” አለኝ።

ይሄ ይሻላል ወይስ የድሮው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ አይነገርም ነበር። ሩቅ ያለ ሰው ዘመድ ሲሞትበት ሌላ ሰው ይላክበታል፣ ምክንያት ይፈጠርለታል፣ በመንገድ እየተጠበቀ ወደ ወገኖቹ ይመጣል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ተቀምጦ መርዶው ይነገረዋል። ብቻውን ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አብሮት የሚጓዘው ሰው መብላት፣ መሳቅና መዋሸት አለበት። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ሆኜ መጥቻለሁ። እናቴ አቃቂ ተቀብራ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ የጣናን ሐይቅ ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር በመርከብ አቋርጫለሁ። የዋሸኝም ባዕድ ሰው አልነበረም፤ አባቴ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የውኃ ጉድጓድ ከሚቆፍር ቡድን ጋር በጄኔሬተር ጠጋኝነት ተቀጥሬ ጎርጎራ ነበርኩ። ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ወደብ ናት። ከተማ ይሏታል፤ እኔም ስለምወዳት ከተማ እላታለሁ እንጂ ያኔ የነበራት አንድ መንገድ፣ ጥቂት ምግብ ቤቶችና የመርከብ ማቆሚያ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቶ የደምቢያ ሜዳ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄ በግሪስ ተጨማልቆ ቀና ስል አባቴ ከፊቴ ቆሟል።

አባቴ አቃቂ ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ባቡር ከማይደርስበት ቦታ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዓለም ለእሱ ከለገሃር ተነሥታ ድሬዳዋ የምታበቃ ነበረች። ወሬም አይወድም፤ እቤት ውስጥ የምታወራው እናቴ ነበረች፤ እሱ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ያጅባታል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ሁለት ሦስት አውቶቡስ ቀያይሮ፣ ጎንደር አድሮ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ የመጣው። ካኪ ካፖርቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ጢሙ አድጓል። አቅፌው ስስም ጢሙ ወጋኝና፣ “አባዬ፣ ምነው? ልትመንን ነው እንዴ?” አልኩት። እኛ ቤት አባትን አንተ ማለት ነውር አልነበረም፤ እናቴ ናት ያስለመደችን። እሱም ምላጭ ረስቶ እንደወጣ ነገረኝ። ሐዘንተኛ ጢሙን እንደማይላጭ የማላውቅ ልጅ አልነበርኩም፤ ግን ደስ ያለው ሰው ምን ያያል?

የመጣበትን ምክንያት እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተናገረ። ለእህቴ ለጽጌ ሽማግሌ ተልኳል፣ ቤተሰቡ ደህና ነው፣ ልጁም ሥራ አለው፤ ነገር ግን እናትህ ልጄ ታደሰ ካልተገኘ መልስ አልሰጥም ብላለች አለኝ። ይህ ቁርጥ የእናቴን ጠባይ የሚመስል ነገር ስለነበር ለመጠራጠር አንድም ምክንያት አላገኘሁም። አለቃዬ ፈቃድ ሲጠየቅ ምንም ሳያንገራግር፣ ቀኑን እንኳ ሳይወስን ሂድ አለኝ። አባቴ ቀድሞ እንዳናገረው ኋላ ነው የገባኝ።

በጎንደር በኩል በአውቶቡስ የምንሄድ መስሎኝ ዕቃዬን ስሸክፍ አባቴ ነገ መርከብ ትነሣለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ በእሷ ብንሄድስ አለ። መርከቧ መንገደኛና ጭነት ይዛ፣ በየመንደሩ እየቆመች፣ ቁንዝላ አድራ በማግሥቱ ነው ባሕር ዳር የምትገባው። አውቶቡሱ ይፈጥናል አልኩት።

“ምን ያስቸኩለናል?” አለኝ።

ሐይቁን ማየት አምሮት ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ባቡር ብቻ የሚያውቅ ሰው መርከብ ቢያምረው ምን ይገርማል።

በማግሥቱ ተሳፈርን። መርከቧ ትልቅ አልነበረችም። ታችኛው ክፍሏ እህል፣ ዶሮና የቢራ ሣጥን ተጭኖበታል፤ እኛ ላይ፣ ሸራ የተወጠረበት ቦታ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ገና ሳንነሣ ካፒቴኑ ዘንድ ሄዶ ረጅም ነገር ሲያወራ አየሁት። ሲመለስ ስለ ሞተሩ ጠይቄው ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ይርጋ የሚባል አንድ ጎልማሳ መርከበኛ ከእኔ አይለይም። ወደ መርከቧ ጠርዝ በሄድኩ ቁጥር ከኋላዬ ይመጣል፤ ክንዴን ተደግፌ ውኃውን ስመለከት እሱም ክንዱን ይደግፋል፤ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ስለ ንፋሱ ይነግረኛል። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አልኩ። ነገሩ ሌላ ነው። ሐዘን ድንገት የደረሰበት ሰው ከውኃ አጠገብ አይታመንም፤ ከተሳፋሪው አንዱ ቃል ቢያመልጠውና ብሰማ፣ ራሴን ሐይቁ ውስጥ እንዳልወረውር ነው የተመደበልኝ። አባቴን ያስጨነቀው ይኸው ነበር፤ ውኃ ላይ ሳለን እንዳላውቅ።

እንግዲህ ከእኔ በቀር ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያላወቀ አልነበረም። ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሄዱ አንዲት ነጋዴ ሴት ስንቃቸውን ፈትተው ያጎርሱኝ ነበር። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ያንሳል ብለው ሦስተኛ። ከጎናቸው የነበሩ ሌላ ሴትዮ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይቼ ንፋሱ ነው ብያለሁ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አንድ አዝማሪም ነበር፤ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀምጧል። ሥራህ ምንድነው፣ እስኪ አጫውተን አልኩት። ክሩ ላልቷል አለኝ። እኔ ደግሞ ችክ ያልኩ ነኝ፤ ለእህቴ ሽማግሌ ተልኳል፣ ከአሁኑ ቅኝት እንያዝ እንጂ ብዬ ለመንኩት። አዝማሪው አባቴን አየው። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አባቴን አየው። ሐዘን ቤት ዘፈን ነውር ነው፤ ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። አባቴም፣ “ተጫወትለት” አለ።

ተጫወተልኝ። እኔም ተነሥቼ እስክስታ ወረድኩ። እናቴ ከተቀበረች ሳምንት ሳይሞላት፣ አባቴ ፊት፣ ትከሻዬን እየነቀነቅሁ ጨፈርኩ። ይርጋ በእኔና በውኃው መካከል ቆሞ ያጨበጭባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል። ዛሬም ሠርግ ቤት ማሲንቆ ስሰማ ያን ቀን ባልጨፈርኩ እላለሁ፤ አባቴ ግን በጭብጨባ ያጅበኝ ነበር፤ እጁ አንድ ጊዜ እንኳ ከምቱ አልወጣም።

ቁንዝላ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አንዲት ሴትዮ ቤት ዓሣ በዘይት አስጠብሰን በሚጥሚጣ በላን። እዚያ ነው አባቴ ማውራት የጀመረው። እናትህ ዓሣ ስትበላ እሾሁን አንድ በአንድ ሳህን ጠርዝ ላይ ትደረድራለች አለ። እናትህ ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ከሻጩ ጋር ሳትጨቃጨቅ ከገዛች ዕቃውን አትወደውም አለ። እሱ የተናገረው ለእኔ አዲስ ነገር የለበትም፤ አዲስ የሆነብኝ እሱ መናገሩ ነው። “እናትህ ነበረች” አላለም፤ “ትላለች፣ ትወዳለች፣ ታደርጋለች” ነው የሚለው። ሰውየው ከአገር ሲወጣ አፉ ተፈታ ብዬ ተደሰትኩ። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ምንቃራቸው እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ ነጫጭ ወፎች አብረውን ይንሳፈፋሉ፤ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጠው መርከቧ በምታስነሣው ማዕበል ይወዛወዛሉ። ደቅ ደሴትን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በረታ። አባቴ ከጎኔ ተጠግቶ ከእናቴ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ይነግረኝ ጀመር።

ክረምት ነው አለ። የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ የእግረኛው መሻገሪያ ተወስዷል። እሱ የባቡሩ ድልድይ ላይ ሰው እንዳይሻገር እንዲጠብቅ ታዟል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች ለፈረቃ ሲመጡ እየከለከለ ይመልሳቸዋል። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ያለባት፣ አልመለስም አለች። ደወሉ ከተደወለ በሩ ይዘጋብኛል፣ እንጀራዬ ነው አለችው። እሱም እንጀራው ነውና አይሆንም አለ። እንግዲያው ባቡሩም አያልፍም ብላ ዝናቡ ውስጥ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹ ሴቶች ይስቃሉ። እሱ ወዲያ ያያል ወዲህ ያያል። ከሩቅ፣ ከቃሊቲ በኩል፣ የባቡሩ ጥሩንባ ተሰማ አለ።

እኔ ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሙቀቱና የሞተሩ ድምፅ ተደምሮ እንቅልፍ ጣለኝ። በእንቅልፍ ልቤ ድምፁ እንደቀጠለ ትዝ ይለኛል። ለማን ያወራ እንደነበር እንጃ። ስነቃ መርከቧ ዘጌ ቆማለች፤ ራሴ አባቴ ትከሻ ላይ ነው፤ ካፖርቱን አልብሶኛል፤ እሱ ውኃውን ያያል።

ዘጌ ወረድ ብዬ ጌሾ ገዛሁ። የዘጌ ጌሾ ስም ያለው ነው፤ እናቴ ደግሞ ጠላዋ በሰፈሩ የታወቀ። ለጽጌ ድግስ ትጠምቅበታለች ብዬ ለአባቴ ሰጠሁት። ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በዚያ ጌሾ ጠላ የተጠመቀው ለራሷ ለእናቴ አርባ ነው።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሰው ሁሉ ለመውረድ ሲጋፋ አባቴ ከአግዳሚው አልተነሣም። ነጋዴዋ ሴት ሲያልፉ እጄን ይዘው ብዙ አቆዩኝ፤ እግዜር ከአንተ ጋር ይሁን ብለውኝ ሄዱ። ይርጋ ገመዱን አስሮ ጨርሶ ጠበቀን። ሁሉም ወርደው እኛ ብቻ ስንቀር፣ “አባዬ፣ ደርሰናል እኮ” አልኩት።

“አዎ፣ ደረስን” አለ። ያን ጊዜ ነው ፊቱን ልብ ብዬ ያየሁት። ያረጀ መሰለኝ። መርከቧ አናውጣው ይሆናል አልኩና ሻንጣውን ተቀበልኩት።

ከባሕር ዳር በአውቶቡስ መጣን። በየኬላው እየወረድን እየተፈተሽን፣ የአባይን በረሃ ወርደን ወጣን። መንገዱን ሁሉ አባቴ ቃል አልተነፈሰም፤ ጠባዩ ተመለሰ አልኩ። አዲስ አበባ ስንገባ መሽቶ ስለነበር ወደ አቃቂ አንሂድ፣ ቃሊቲ አጎትህ ቤት እንደር አለኝ። የእናቴ ወንድም ጋሽ በቀለ ቃሊቲ ጋራዥ ነበረው። አጎቴ በር ሲከፍት ዓይኔን ሳያይ ሳመኝ።

ወፍ ሲንጫጫ ቀሰቀሱኝ። ሳሎን ስገባ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አባቴ በመካከላቸው ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው ከግራና ከቀኜ ተቀመጡ። ጋሽ በቀለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “ታዴ፣ የሰው ልጅ ነን። እናትህ አርፋለች። ቀብረናታል” አለኝ።

እኔ ያልኩትን ለመናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። “የጽጌ ሽማግሌዎችስ?” አልኩ። አባቴን አየሁት። አባቴ ያን ጊዜ ጮኸ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔን እንዲይዙ የተቀመጡት ሰዎች ትተውኝ እሱን ሊይዙ ተነሡ። እኔ ብቻዬን ወንበር ላይ ቀረሁ። እንባዬ የመጣው አባቴን ይዘው ወደ ጓሮ ሲያወጡት ካየሁ በኋላ ነው።

አጎቴ በኋላ እንደነገረኝ አባቴ በቀብሩ ላይ አላለቀሰም፤ አፈሩ ሲመለስ እንደ ድንጋይ ቆሞ ነው ያየው። ሐዘንተኛ ባል ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ለቅሶ ደራሽ ይቀበላል እንጂ ለመርዶ አይላክም። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሰው እንላክ ቢሉት እምቢ አለ፤ ልጄን እኔ ነኝ የማመጣው አለ። በአውቶቡስ ቶሎ ተመለሱ ብለውት ነበር። እኔን ሲጠብቁ የእድሩ ድንኳን ለሌላ ለቅሶ ተፈልጎ ተነቅሎ ስለነበር፣ አቃቂ ስደርስ የተቀበለኝ የጎረቤት ሸራ ነው። ጋሽ በቀለ በዚህ ነገር አባቴን ለብዙ ጊዜ ተቀይሞታል፤ ሰው ሁሉ ለቅሶ ተቀምጦ በመርከብ መንሸራሸር ምን ይሉታል ይል ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለ እናቴ አላወራም። በሙት ዓመቷም፣ ጽጌ እውነተኛውን ባሏን ስታገባም፣ ስሟን ሲጠሩበት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይናገርም። ዓመታት አለፉ። ጡረታ ወጣ፤ ባቡሩም ቆመ፤ ሐዲዱ መካከል ሣር በቀለ። አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ጠየቅሁት። አባዬ፣ ያኔ መርከቡ ላይ የጀመርክልኝ ጨዋታ፣ እማዬ ዝናብ ውስጥ ሐዲዱ ላይ ተቀምጣ፣ ባቡሩ ሲመጣ፣ ከዚያ ምን ሆነ? ተሻገረች ወይስ መለስካት? እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ያልሰማሁት አልኩት።

በከዘራው ጫፍ መሬቱን መጫር ያዘ። የረሳው መስሎኝ ነበር።

“እሱን ያኔ ነው ያወራሁልህ” አለ። “ያኔ እናትህ ነበረች።”

“ቀብረሃት አይደል የመጣኸው?”

“እኔ ዘንድማ ሞታለች። አንተ ዘንድ ግን አልሞተችም ነበር። እዚያ ውኃ ላይ ሳለን እኔም አንተ ዘንድ ነበርኩ።”

ደግሜ አልጠየቅሁትም። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ጽጌን ጠይቄያታለሁ፣ አጎቴንም በሕይወት ሳለ ጠይቄዋለሁ፤ ያቺ ቀጭን ልጅ ያን ቀን ድልድዩን እንዴት እንደተሻገረች የሚያውቅ የለም። የባቡሩ ጥሩንባ ከቃሊቲ በኩል እንደተሰማ ቀርቷል።

ዛሬ እኔ አባቴ ያኔ የነበረበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ስልክ ቢኖረን ኖሮ ሞቷን በሰዓቱ እሰማ ነበር፤ ምናልባትም ለቀብሯ እደርስ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእናቴ ሣጥን ሲወርድ አለማየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ያን የድሮውን ልማድ አላሞግስም፤ ያቺ የቂሊንጦ ልጅ በሰርቪስ መኪና ውስጥ ብቻዋን መስማቷንም አላሞግስም። ማታ ማታ፣ ባለቤቴ ከጎኔ ተኝታ ስትተነፍስ፣ የማስበው ስለዚያ እንቅልፌ ነው። ባውቅ ኖሮ አልተኛም ነበር። ባውቅ ኖሮ ግን እሱም አያወራልኝም ነበር።